የልጆቹ መክሰስ ነገር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ስንት ጊዜ ሆነን! በስልክም ቢሆን ለበዓል "እንኳን አደረሰሽ" ከመባባል አላለፍንም። ቢሆንም ከልቤ ወጥተሽ አታውቂም።

ሰሞኑን መገናኛ ታናሽ እህትሽን አገኘኋት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ብዙ አወራን። ትንሹ ልጅሽ ከብስኩት፣ ከቺፕስና ከጁስ ሌላ አልበላም ብሎ እንዳስቸገረሽ ነገረችኝ። ምሳ ዕቃው እንደሄደ ይመለሳል አለችኝ። አንዳንዴ አንቺም አብረሽው እንደምታለቅሺ ስሰማ አንጀቴ ተላወሰ። ይኸው ነገር እኔም ቤት ገብቶ ስለነበር የማውቀውን ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ፣ ከልጁ ጋር አትታገዪ። የሚበላውን የሚወስነው ሱቅ ሄደን የምንገዛው ነው። ቡፌው ውስጥ ብስኩት እያየ ጎመን ብላ ማለት ለትንሽ ልጅ በጣም ከባድ ነው። ለእኛም ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ከሌለ ግን ያለቅስና፣ ይጠይቅና፣ ሲርበው ያለውን ይበላል።

ደግሞ እስቲ ብስኩቱ ቤታችን እንዴት እንደገባ አስቢው። እኔና አንቺ ያደግነው በቆሎና በንፍሮ ነው። ለስላሳ የምንቀምሰው ለበዓል ወይም ለሰርግ ነበር፤ እሱንም ተካፍለን። እጃችን ትንሽ ፈታ ሲል ያጣነውን ለልጆቻችን መስጠት ጀመርን። ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ "ለልጆቹ" ብሎ የታሸገ ጁስ ይዞ ይገባል። አባት አምሽቶ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ማቆሙ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ስጦታውን አልቀበልም ስትዪ ሰውየውን የገፋሽ ይመስላል።

እኔ ቤት ነገሩ የጠናው በባለቤቴ እናት በኩል ነበር። እማማ በመጡ ቁጥር ልጆቹ ሰላም ሳይሏቸው ወደ ፌስታላቸው ይሮጡ ነበር። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ቀስ ብዬ፣ "እማማ፣ እነዚህ ልጆች እኮ የእርስዎን በሶ ቀምሰው አያውቁም" አልኳቸው። እውነቴን ነው። የገብሱን አቆላል እንደሳቸው የሚያውቅበት የለም። በሚቀጥለው ሲመጡ በሶ አስፈጭተው መጡ። ምንጣፉ ላይ ልጆቹን ሰብስበው ተቀመጡና በውሃና በትንሽ ማር ለውሰው በእጃቸው እየጨበጡ አጎረሷቸው። ትንሿ ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ በላችው። አሁን ልጆቹ አያታቸውን የሚጠብቁት በበሶ ነው፣ እማማም በጣም ደስ ይላቸዋል። አንቺም ለአማትሽ፣ ለእህትሽ፣ ለጎረቤትሽ "አታምጡ" ከምትዪ "ይህን አምጡልኝ" በያቸው። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ እንቁላል። ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሲነገረው ደስ ይለዋል።

የለስላሳውን ጉዳይ ግን በቁጥር ብታይው ይሻላል። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ ወደ 32 ግራም ስኳር አለ። ይህ ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ከተቻለ ደግሞ ከ5 በመቶ በታች። በቀን 1400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ለሚበቃው ልጅ 10 በመቶው 35 ግራም ስኳር ነው። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። የጠዋቱ ሻይ ስኳር ገና አልተቆጠረም። ጁሱም ቢሆን ካርቶኑ ላይ ማንጎ ስለተሳለ አትመኚው። ጀርባውን አንብቢ። የገባበት ነገር የሚዘረዘረው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። ውሃ ቀጥሎ ስኳር ከመጣ መልሰሽ አስቀምጪው። ለጥማት ውሃ ይበቃዋል።

በጾም ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። "የጾም ነው" እየተባለ ስንት ዓይነት ብስኩትና ኬክ ይሸጣል! የጾም መሆኑ ስኳሩን አይቀንሰውም። እኔ እንደሚገባኝ ጾም ለልጆች ምግብ ከሁሉም የሚመቸው ጊዜ ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱ ሁሉ ቤት ውስጥ አለ። የጤና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ያወጡት የአመጋገብ መመሪያም እህሉን፣ ጥራጥሬውን፣ አትክልትና ፍራፍሬውን አሰባጥሮ መብላትን ነው የሚመክረው። እንጀራችንም ቀላል ምግብ አይደለም። ሊጡ ሲቦካ፣ ለደም የሚያስፈልገው በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት (አይረን) ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ጎመኑ ወይም ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ስታደርጊበት ደግሞ ሰውነት ብረቱን ይበልጥ ይወስዳል። ሻይ ግን ከምግብ ጋር አትስጪው፤ ብረቱን ይከለክላል።

"ከስቶብኛል" ብለሽ እንደምትሰጊ አውቃለሁ። ስጋትሽ ይገባኛል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር ልጅ ሲወፍር "አማረበት" ብንል አይገርምም። ስለዚህ "ቢያንስ ብስኩት በላልኝ" እንላለን። ግን የልጅ ሆድ ትንሽ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቺፕስ ከሞላ ማታ ሽሮው የሚገባበት ቦታ የለውም። ብስኩቱ ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያሳድገውም።

እኛ ቤት የሠራው ሰዓት ማስያዝ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። በመሃል ውሃ ብቻ። ምን እንደሚቀርብ እኔ እወስናለሁ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስናል። "ሦስት ጉርሻ ብቻ" ብሎ መለመን፣ "ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ" ብሎ መደለል ትቻለሁ። ከረሜላውን ሽልማት ካደረግሽው ጎመኑን ቅጣት አደረግሽው ማለት ነው። አዲስ ነገር ስታቀርቢ ደግሞ የሚወደውም አጠገቡ ይኑር። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊቀርብለት ይችላል። ዛሬ ቢተፋው ነገ ትንሽ አድርገሽ መልሺው፣ ሳትቆጪ። ከሁሉ በላይ አብራችሁ ብሉ። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልኩም ይቀመጥ። አባቱ ቆስጣውን ሲያጣጥም ካየ ይጠይቃል።

ለምሳ ዕቃው ብዙ አትጨነቂ። ሲበርድ የሚደርቅ ነገር አይወዱም። የእኔዎቹ ለስለስ ያለ ፍርፍር፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ ኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ቂጣ፣ ስኳር ድንች ይበላሉ። ማታ ማታ "ነገ ከሁለቱ የቱን ልሥራ?" ብለሽ ጠይቂው። ራሱ የመረጠውን ይዞ የሚመለስበት ቀን ያንሳል። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ግን ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጪ፣ ያንቃል። የሽንብራ ንፍሮም ቢሆን በደንብ ይብሰልና ጨፍልቀሽ ስጪው።

ኑሮ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ወተቱም እንቁላሉም የሚቀመስ አልሆነም። ግን በሳምንት ለብስኩት፣ ለቺፕስና ለጁስ የምታወጪውን ደብተር ላይ ጻፊው። እኔ ስጽፈው ደነገጥኩ። በዚያው ብር ሙዝና እንቁላል ገዝቼ ተረፈኝ።

ጨርሰሽ ከልክዪ ማለቴ ደግሞ አይደለም። ልደት ላይ ኬኩን ይብላ፣ ለበዓልም ለስላሳው ይከፈት። ያኔ ተቆጣጣሪ ሆነሽ አጠገቡ አትቁሚ። ተደስቶ ይብላ፤ በማግስቱ ቤቱ ወደ ተለመደው ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። እህትሽ ትልቋ ልጅሽ ቶሎ እንደሚደክማትና ፊቷ እንደነጣ ነግራኛለች። ይህን በምግብ ብቻ እናስተካክለው ብለሽ አትቆዪ። ጤና ጣቢያ ወስደሽ የደም ማነስ ምርመራ አስደርጊላት። ትንሹንም አብረሽ ውሰጂውና ቁመቱንና ክብደቱን ይለኩልሽ። ውጤቱን እንደሰማሽ ማታም ቢሆን ደውዪልኝ። ለጥምቀት እኔና ልጆቹ ወደ እናንተ እንመጣለን፤ እማማም በሶውን ለአንቺ ልጆች አስፈጭተው እንደሚልኩ ነግረውኛል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ