ለሰናይት፣ ከጅማ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ ለሰናይት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፍተን ኖረን፣ ከእህትሽ የሰማሁት ወሬ የጡትሽ ኦፕሬሽን ሆነ። አንጀቴ ተላወሰ። በጊዜ መታየትሽን ስትነግረኝ ትንሽ ተነፈስኩ፤ «የሰጡኝ ማደንዘዣ የሰውነቴን መከላከያ አዳክሞት ካንሰሩ ይመለስብኛል» እያልሽ እንቅልፍ ማጣትሽን ስሰማ ግን ብዕር አነሳሁ። እንጀራዬ ይኸው ማደንዘዣ አይደል?

ስጋትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በኦፕሬሽን ጊዜ ሰውነት ይደነግጣል፤ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉት የድንጋጤ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ያን ጊዜ የካንሰር ሴልን አሳድደው የሚገድሉት፣ ናቹራል ኪለር የምንላቸው ነጭ የደም ሴሎች ለጥቂት ቀናት ይደክማሉ። በላቦራቶሪ ሲታይ፣ እንደ ሴቮፍሉሬን ያለው በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣና ሞርፊን ድካሙን ያብሱታል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፕሮፖፎል የተሻለ ነው። ዴክስሜዴቶሚዲን የተባለው ማረጋጊያም የድንጋጤውን ሆርሞን ስለሚያበርድ የመከላከያ ሴሎቹ ብዙ እንዳይወርዱ ይረዳል የሚሉ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። እኔም ሳነብ ጓጉቼ ነበር።

ነገር ግን የአንድ ሁለት ቀን የደም ምርመራ ሌላ፣ ካንሰሩ ይመለሳል ወይ የሚለው ሌላ። ይህንኑ ለመለየት በ13 ሆስፒታሎች 2,108 የጡት ካንሰር ታካሚ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ገሚሶቹ በአከርካሪ አጠገብ የሚወጋ ማደንዘዣ ከፕሮፖፎል ጋር፣ ገሚሶቹ ሴቮፍሉሬንና ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ የህመም ማስታገሻ) ተሰጣቸው። ካንሰሩ የተመለሰባቸው በሁለቱም ወገን ከ100 ወደ 10 ያህሉ ናቸው። እኩል! ስለዚህ የትኛውን ሰጥተውሽ እንደሆነ መመርመሩን ተዪው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በቀደም ከአጋሮ በኩል አንዲት እናት መጡልን። ነጠላቸውን ሲገልጡ ዕጢው ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። «ቡናው ይለቀም ብዬ ነው የቆየሁት» አሉኝ። ጣቴን ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ያ ነጩ ፕሮፖፎል ሲገባ «እጄን አቃጠለኝ ልጄ» ብለው ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ለእሳቸው የትኛውም ማደንዘዣ ያንን የባከነ ጊዜ አይመልስላቸውም። አንቺ ግን ጊዜውን አላባከንሽም፣ ሰኒዬ።

ስለ መከላከያሽ መጨነቅ ካለብሽ ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሴልን የሚገድለውን መድኃኒት፣ ስትጀምሪ ተጨነቂ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ፣ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ቴርሞሜትር ግዢ። ሙቀትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ «ነገ ያልፋል» አትበይ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። ጥሬ ክትፎ የምትወጂውን አውቃለሁ፤ ኬሞው እስኪያልቅ ይቅርብሽ፣ ካማረሽ በደንብ አብስለሽ ብዪ። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራሽ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ማለትም ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ፣ ደግሞ ታሞክሲፈን የሚባለውን ሆርሞኑን የሚከላከል ክኒን ወይም መሰሉን ለዓመታት ትውጫለሽ። ብዙ ሰው ደህና ነኝ ብሎ የሚያቋርጠው እሱን ነው፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ በእርግጥ የሚያግዝሽም እሱ ነው።

የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ቁጥሬን እህትሽ ጋ ትቻለሁ። ሐኪምሽን የምትጠይቂውን አብረን እንጽፋለን።

ያንቺው ጓደኛ፣
አልማዝ