የሃዋርድን ፉትቦል ታሪክ በአማርኛ ልንሰራው ነው፣ ትንሽ ትንሽ አዋጡልን

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖች፣ ራቅ ብላችሁ ያላችሁም እንዲሁ። ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ፣ የመጣነው ገንዘብ ልንለምን ነው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ (ዲሲ ያለው የጥቁር አሜሪካውያን ዩኒቨርሲቲ) የተማርን፣ ልጅ እዛ ያስተማርን፣ ወይም እዛው ሰፈር ለዓመታት የሰራን ጥቂት ሰዎች ነን፣ የዩኒቨርሲቲውን የፉትቦል ታሪክ (ኳሷን አቅፈው የሚሮጡትን፣ የአሜሪካኑን ማለቴ ነው) በአማርኛ ስምንት ክፍል ፖድካስትና አንድ ትንሽ መጽሐፍ አድርገን ልናወጣው ተነስተናል።

አውቃለሁ፣ ሰው ለስንቱ ያዋጣል። ለቅሶው አለ፣ የእምነት ቤቱ ግንባታ አለ፣ አገር ቤት ያለው ነገር አለ። ከዛ ላይ ቀንሳችሁ ስጡን አንልም። ግን እስቲ ጉዳዩን ስሙንና ከዛ ወስኑ።

አብዛኞቻችን ሃዋርድን የምናውቀው በሆስፒታሉ ነው፣ ካልሆነም በሆምካሚንግ (የድሮ ተማሪዎች ግቢው ተመልሰው በሚሰበሰቡበት በዓል) ሰሞን ጆርጂያ አቬኑ ላይ በሚዘጋው መንገድ፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ደግሞ በተለይ ታውቁታላችሁ። ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት ግን ድሮ ግሪፊዝ ስታዲየም እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፣ ሆስፒታሉ በ1975 እዛው ቦታ ተከፈተ፣ ስንት የኛ ልጅ የተወለደበት ቦታ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው የራሱን ስታዲየም ካምፓስ ውስጥ የከፈተው በ1926 ነው፣ ዛሬ ግሪን ስታዲየም የሚባለው እሱ ነው።

ታሪኩ ደሞ ከዛም ይቀድማል። የጥቁር ኮሌጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ፉትቦል የገጠሙት በ1892 ዲሴምበር ላይ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ሶልስቤሪ በምትባል ከተማ፣ ቢድልና ሊቪንግስተን የሚባሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ በረዶ ሜዳውን ሸፍኖት መስመሩ ስለጠፋ ነጥቡ ይቆጠር አይቆጠር ተብሎ ጭቅጭቅ ተነሳ፣ ዳኛው ለቢድል ፈረደ (ከዳኛ ጋር መጨቃጨቅ እኛ የጀመርነው አይደለም)። ሃዋርድም ብዙ አልዘገየም፣ በ1894 ፔንሲልቬንያ ካለው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኘ፣ ከዛ በኋላ ያለው ነው እንግዲህ እኔን በግሌ እንቅልፍ የነሳኝ።

የሃዋርድና የሊንከን ጨዋታ በ1920ዎቹ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በታንክስጊቪንግ ቀን፣ አንዴ ዋሽንግተን አንዴ ፊላደልፊያ እየተፈራረቀ ሲደረግ ሐኪሙም ጠበቃውም አስተማሪውም ከየከተማው በባቡር እየመጣ፣ ሴቶቹ የፀጉር ካፖርት ለብሰው፣ ከጨዋታው በፊትና በኋላ የዳንስ ምሽት ተዘጋጅቶ፣ የጥቁር ጋዜጦች ገጻቸውን ለሱ ለቀው፣ በቃ የዓመቱ ትልቁ ቀን ነበር። አስቡት፣ ያ ጊዜ ጥቁር ሰው ከተማው መሀል ያለ ሆቴል የማይገባበት፣ ትልልቆቹ የነጭ ዩኒቨርሲቲዎች የጥቁር ቡድን የማይገጥሙበት ጊዜ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ትልቅ ቀን ራሳቸው ሰሩ። ባዕድ አገር መጥተን በየዓመቱ በጁላይ ሰሞን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ብለን የምንሰበሰብ እኛ ይሄ ካልገባን ለማን ይገባዋል?

ሁሉም ነገር ደግሞ ደስታ አልነበረም። በ1936 የሃዋርድ ተጫዋቾች የምግቡ ነገር ስላስመረራቸው ከቨርጂኒያ ዩኒየን ጋር የነበራቸውን ጨዋታ አንጫወትም ብለው አድመዋል። ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑ ነው። በዛው ሰሞን መላኩ በያን የሚባለው የኛ ሰው ሃዋርድ ህክምና ተምሮ ነበር፣ በኋላ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ወርልድ ፌዴሬሽንን ያቋቋመው እሱ ነው። ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ደሞ ከ1922 ጀምሮ እዛው ግቢ የአፍሪካ ታሪክ የሚያስተምር ጥቁር አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ነው፣ ከመላኩ ጋር ሆነው በ1934 ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ካውንስል መስርተዋል። ጃንሆይ በ1954 አሜሪካ ሲመጡ ሃዋርድ ሄደው የክብር ዲግሪ ተቀብለዋል፣ በ1964 ደግሞ በስማቸው የተሰየመው ሽልማት ለሃንስቤሪ ተሰጠ። ይሄን ሁሉ የምቆጥረው ፉትቦል ተጫውተዋል ለማለት አይደለም፣ ጃንሆይ ኳስ ይዘው ሲሮጡ ማንም አላየም። ግቢው ከኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሌላው ታሪኩም በቋንቋችን ሊኖር ይገባል ለማለት ነው።

አሁን ያለው ትልቁ ጠብ ከሃምፕተን ጋር ነው። ሃምፕተን ቨርጂኒያ ባህር ዳር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የሃዋርድ ምስረታ 1867፣ የሱ 1868፣ ሁለቱም በምህጻር "ኤች ዩ" ይባላሉ፣ እና እውነተኛው ኤች ዩ ማነው የሚለው ክርክር ከ1908 ጀምሮ ሜዳ ላይ ሲፈታ፣ ማለት ሳይፈታ፣ ይኸው አለ። ቡናና ጊዮርጊስን ያየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ሃምፕተን በ2018 ከሃዋርድ ጋር የነበረበትን ሊግ ለቆ ሄደ፣ ጠቡ ግን አብሮት አልሄደም፣ ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ ሃዋርድ አንዱ ሃምፕተን የገባበት ቤተሰብ አውቃለሁ፣ የጨዋታው ሳምንት እናትየው ምግብ የምታቀርበው በሁለት ፈረቃ ነው።

ከዛ 1993 አለ። አሰልጣኙ ስቲቭ ዊልሰን፣ ኳርተርባኩ (ኳሷን ተቀብሎ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጄይ ዎከር፣ መደበኛውን ሲዝን 11 ጨዋታ አሸንፈው ጨረሱ፣ አንድም ሽንፈት የለም፣ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፉ) ላይ ማርሻል የሚባል ዩኒቨርሲቲ 28 ለ 14 አስቆማቸው። ዎከር በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ የምክር ቤት አባል ሆኗል፣ ፕሪንስ ጆርጅስ የምትኖሩ ምናልባት መርጣችሁታል።

2017ን ግን እኔ ለማንም አልለቅም። ሴፕቴምበር 2፣ ላስቬጋስ። ትልልቆቹ ቡድኖች ትንንሾቹን ገንዘብ ከፍለው የሚጠሩበት አሰራር አለ፣ ና ተሸነፍልንና ቼክህን ይዘህ ሂድ ዓይነት ነገር። ሃዋርድም የላስቬጋሱን ዩኒቨርሲቲ (ዩ ኤን ኤል ቪን) ሊገጥም እንደዛ ነው የሄደው፣ አስያዦቹ በ45 ነጥብ ይሸነፋል ብለው ነበር። ኳርተርባኩ ኬይሊን ኒውተን የሚባል አዲስ የገባ ልጅ (የታዋቂው የፉትቦል ተጫዋች የካም ኒውተን ታናሽ ወንድም)፣ እሱ ተነስቶ መሮጥ ሲጀምር የሚይዘው ጠፋ፣ 43 ለ 40 ሃዋርድ አሸነፈ። በነጥብ ግምት ከታየ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ እንዲህ ያለ ያልተጠበቀ ውጤት የለም። ያን ማታ ስራ ላይ የነበራችሁ፣ ካሸር ላይ፣ ፓርኪንግ ላይ፣ ሬዲዮ ከፍታችሁ የሰማችሁት ካላችሁ ድምፃችሁን እንፈልገዋለን፣ ከምር። በ2023ም የሊጋቸው ሻምፒዮን ሆነው አትላንታ ሴሌብሬሽን ቦውል (የሁለት የጥቁር ኮሌጅ ሊጎች ሻምፒዮኖች የሚገናኙበት ጨዋታ) ደርሰው በፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም 30 ለ 26 ተሸነፉ፣ እሱን ገና ሙሉ በሙሉ አልተቀበልነውም።

እና ይሄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተበታትኖ አለ፣ በአማርኛ ግን የለም። ልጁ እዛ የሚማር አባት ስታዲየም ይመጣል፣ ከፍሎ ገብቶ ሶስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ሰው ሲጮህ ይጮሃል፣ ምን እንደሆነ ግን አይገባውም። አራት ሙከራ አላቸው፣ በአራቱ አሥር ያርድ ካልሄዱ ኳሱ ለሌላው ይሰጣል፣ መጨረሻው መስመር ከገቡ ስድስት ነጥብ፣ ይሄን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ ከባድ ነገር ሆኖ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ ለሱ ነው። ሌሎቹ ታሪኩን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ደሞ በድሮ ጊዜ እዛ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጋር የምናደርገው ቃለመጠይቅ ነው፣ እነሱ እድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ ይሄን ስራ ለከርሞ እንበለው ማለት አንችልም።

ገንዘቡ እንዲህ ነው። ለስቱዲዮና ለኤዲቲንግ 3,000 ዶላር፣ ለድሮ ፎቶዎች ስካንና የመጠቀሚያ ፈቃድ 1,500፣ መጽሐፉን 500 ኮፒ ለማሳተም 2,000፣ ድምሩ 6,500። ከራሳችን ኪስ 1,300 አስገብተናል፣ የጎደለው 5,200 ነው። ከኤዲተሩ በስተቀር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የለም። የተመዘገበ ድርጅት ስላልሆንን የምትሰጡት ከታክስ አይቀነስላችሁም፣ ይሄን አስቀድማችሁ እወቁት። እያንዳንዱ ደረሰኝ ፎቶ ተነስቶ ለሰጠ ሰው ሁሉ ይላካል። ገንዘቡ ካልሞላ መጽሐፉን ትተን ፖድካስቱን ብቻ እንጨርሳለን፣ ከተረፈም በተረፈው ብዙ ኮፒ እናሳትምበታለን እንጂ ራት አንበላበትም።

አሥር ዶላር ይበቃል፣ አምስትም እንቀበላለን። ሃምፕተን የተማራችሁም ስጡ፣ ስማችሁን መጽሐፉ ላይ እናወጣለን፣ በትንሽ ፊደል ግን። ምግብ ቤትና ሱቅ ያላችሁ ደግሞ መጽሐፉን ካሸሩ አጠገብ ለማስቀመጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ያ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

ገንዘብ የሌለው ፎቶ ይላክ። ሃዋርድ ግቢ፣ ስታዲየሙ፣ ሆምካሚንግ፣ ምረቃ፣ ምንም ይሁን፣ ደብዛዛም ይሁን። ከፎቶው ጀርባ የተጻፈ ስም ወይም ዓመተ ምህረት ካለ ጀርባውንም አብራችሁ አንሱት፣ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ ጻፉልን፣ ካልሆነ ሰውየውን ሳይወለድ ልናስመርቀው ነው።