ወሬውን የሚያዞረው ስልክ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሐሰተኛ ወሬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥፋቱን ሁሉ በቲክቶክና በቴሌግራም፣ ቀጥሎም «ባልተማረው ሕዝብ» አሳበባችሁ። አልተዋጠልኝም።

እ.አ.አ. በ1969 ፈረንሳይ፣ ኦርሌያን ከተማ ውስጥ ማን ስማርት ስልክ ነበረው? የአይሁዶች ልብስ ቤቶች ወጣት ሴቶችን ከመለኪያ ክፍል እያፈኑ ይሸጣሉ ተብሎ ከተማው ታመሰ። ጠፋች ተብሎ ለፖሊስ የተነገረላት አንዲት ልጅ አልነበረችም። ፖሊስ ይህን ሲናገር ደግሞ «እነሱም ተገዝተዋል» ተባለ። ማስተባበያው ራሱ ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

እኛም ጋ ያው ነው። ሰሞኑን እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ «በባጃጅ ልጅ የሚሰርቁ ገብተዋል» የሚል የድምፅ መልእክት በወላጆች ግሩፕ ሲዞር ነበር። ከሚያዞሩት ውስጥ ነርስ አለች፣ መምህር አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ። «በዓይኔ አየሁ» ያለ ግን የለም። ሁሉም የሰማው ከሚያምነው ሰው ነው፤ ከጎረቤቱ፣ ከእህቱ ባል። በማግስቱ አንድ ቆራሌው ትምህርት ቤት በር ላይ ተከበበ። ማዳበሪያው ተዘረገፈ። የውኃ ፕላስቲክ፣ የተበጠሰ ሸበጥ፣ የዛገ መጥበሻ። አንዲት እናት «ዛሬ ስላልቀናው ነው እንጂ» አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፣ አቦ! ልጃቸው ግቢ ውስጥ ነው። ውሸት ቢሆንስ፣ ተጠንቀቁ ማለት ምን ይጎዳል ብለው ነው።

ይጎዳል እንጂ! በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አማራ ክልል፣ አዲስ ዓለም ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ ተገድለዋል። ወሬ ደግሞ ሰው መምረጥ ያውቅበታል። ሰፈሩ ውስጥ «ኧረ እሱን አውቀዋለሁ» የሚልለት የሌለውን ነው የሚይዘው።

እናንተም እጃችሁ አለበት። «ልጆች እየተሰረቁ ነው የሚል ወሬ እየተናፈሰ ነው» ብላችሁ ርዕስ ስታወጡ፣ ወሬው በማግስቱ የእናንተን ሎጎ ለጥፎ ይዞራል። ከታች ያለውን ማብራሪያ ማን ያነባል? ይልቅ መጀመሪያ ለፖሊስ ደውሉ። ልጅ ጠፋብኝ ብሎ ያመለከተ አለ? ከየትኛው ቀበሌ? መቼ? መልሱን ርዕስ አድርጉት፤ ወሬው ከሥር ይግባ። ስልክ ካላነሱም አላነሱም ብላችሁ ጻፉ፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ጨምራችሁ።

አንድ ወላጅ
ድሬዳዋ