ለደንበኞቻችን፦ አመድ የገባበትን ቤት ሳይመረመር ለምን አናጸዳም

ሎስ አንጀለስ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን የሚደወልልን ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቤታችን አልተቃጠለም፣ አመድ ብቻ ነው የገባበት። መቼ መጥታችሁ ታጸዱልናላችሁ?» እኛ ደግሞ «መጀመሪያ አስመርምሩት» ስንል ቅር የሚላችሁ አላችሁ። አይፈረድባችሁም፤ ለቤት ጽዳት ላብራቶሪ ምን አገባው ያሰኛል። በስልክ ቆራርጠን ከምንነግራችሁ ደግሞ ቁጭ ብለን ብንጽፈው ይሻላል አልን።

እዚህ ሎስ አንጀለስ የፓሊሴድስ ሰፈር እሳት የተነሣው በገና ዕለት፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ረፋድ ላይ ነው። የዚያኑ ዕለት ምሽት አልታዴና በኩል የኢተን እሳት ተነሣ። ሁለቱ አንድ ላይ ከ16,000 በላይ ቤቶችንና ሌሎች ግንባታዎችን አወደሙ። ሰደድ እሳት እንበለው እንጂ የነደደው ጫካ ብቻ አይደለም፣ ሰፈር ነው። በተለይ አልታዴና የድሮ ቤት የበዛበት ነው። በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ፣ እዚህ አገር ሌድ የሚሉት፣ የተከለከለው በፈረንጆቹ 1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ እርሳስ ያለበት ቀለም ቢገኝ አይገርምም። አስቤስቶስ፣ ድሮ ለቤት ግንባታ ይውል የነበረው ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ነገር፣ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ፣ የሶላር ባትሪ፣ ጋራዥ ውስጥ የተረሳ የተባይ መድኃኒት፣ ጎማ፣ ቴሌቪዥን... ይህ ሁሉ ነዶ ነው መስኮታችሁ ላይ ያረፈው። ከምድጃ እንደምንጠርገው አመድ አድርጋችሁ አትዩት።

ብዙ ቤት ስንገባ ዕጣን ዕጣን ይላል። የጭሱን ሽታ ለማጥፋት ነው፣ ይገባናል። ግን ሽታው ጠፋ ማለት እርሳሱ ሄደ ማለት አይደለም። እርሳስ አይሸትም። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ የመስኮቱን ሐዲድ ጥጋጥጉን ብታብሱት ከሰል የተወለወለበት መስሎ ይወጣል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን ዓይን አይለየውም። ወለል ላይ የሚድህ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለሕፃን «ይህን ያህል እርሳስ ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለም።

ስለ በርበሬም ጠይቃችሁናል። እሳቱ ሰሞን በረንዳ ላይ የተሰጣ በርበሬ ወይም ድርቆሽ ካለ ጣሉት። እናቶች እንዳትቆጡን፣ ታጥቦ የሚድን ነገር አይደለም። ጋቢና ነጠላ ግን ይተርፋል። ውጭ ቀስ ብላችሁ አራግፉና ከሌላ ልብስ ሳትቀላቅሉ ደጋግማችሁ እጠቡት። ስታራግፉ ማስክ አድርጉ፣ ልጆች አጠገባችሁ አይሁኑ።

ዋጋችን ለምን ጨመረ ላላችሁን፦ ተራ ቫኪዩም እንዲህ ያለውን አመድ በፊት ይስብና በኋላ መልሶ ይተፋዋል። በጣም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ፣ ሄፓ የሚባል ፊልተር ያለው ያስፈልጋል። መጥረጊያ አንጠቀምም፤ ከላይ ጀምረን ወደ ታች በእርጥብ ጨርቅ ነው የምናብሰው፣ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የኤሲው ፊልተር ካልተለወጠ ደግሞ ያጸዳነውን በማግስቱ መልሶ ያቆሽሸዋል። ግቢ ውስጥ ቅጠል መንፊያ ማሽን አናስነሣም፤ በእሳቱ ሰሞን የሎስ አንጀለስ ካውንቲ (የአውራጃው አስተዳደር) ጤና መምሪያም ከልክሎት ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኞቻችን አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። በልብሳቸውና በጫማቸው አመድ ይዘው ወደ ልጆቻቸው እንዲገቡ አንፈልግም። ስለዚህ ሥራ ላይ የሚለበሰው ቱታ እዚያው ይጣላል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ቤታቸው የተቃጠለባቸው ደንበኞችም አሉን። ፍርስራሽ እንድናነሣ ጠይቃችሁናል፤ አንችልም። ያ ፈቃድና ለአደገኛ ቆሻሻ የሠለጠነ ኮንትራክተር የሚፈልግ ሥራ ነው። የመንግሥቱን ጽዳት ለመረጣችሁ በፈረንጆቹ 2025 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ፍርስራሹን አንሥተዋል፣ አመዱ ካረፈበት ቦታም እስከ 6 ኢንች አፈር ገፍፈዋል። ከዚያ በኋላ ግን የቀረውን አፈር አልመረመሩም። በፈረንጆቹ 2018 በሰሜን ካሊፎርኒያ ያለችው ፓራዳይዝ ከተማ ስትቃጠል ይመረመር ነበር፣ በዚህኛው እሳት ግን የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ አልከፍልም አለ። እኛ ይህን አልወደድነውም። ካሊፎርኒያ ለመኖሪያ ግቢ የምትጠቀምበት መለኪያ በአንድ ኪሎ አፈር 80 ሚሊግራም እርሳስ ነው፤ ካውንቲው ባስመረመረው መሠረት አልታዴና ውስጥ ከዚህ ያለፈ የተገኘባቸው ግቢዎች አሉ። ስለዚህ ጎመንና ጤና አዳም መልሳችሁ ከመትከላችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። ኢተን አካባቢና ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ለምትኖሩ ካውንቲው በፈረንጆቹ 2025 በነጻ ይመረምር ነበር፤ ያይ የነበረው እርሳስን ነው።

ሌላው ጥያቄ «የተነሣው ሁሉ የት ይደርሳል?» የሚለው ነው። ፓሊሴድስ በኩል አደገኛው ነገር የሚለይበት ቦታ ቶፓንጋ ጅረት ባሕር ከሚገባበት አጠገብ ሲደረግ ሰዉ ተቃወመ። ዝናብ ቢመጣ ባትሪውም ኬሚካሉም ውቅያኖስ ውስጥ ነው። የኢተኑ ኧርዊንዴል ወዳለው ላሪዮ ፓርክ ሲሄድ የአዙሳና የዱዋርቴ ሰዎች ተነሡ፣ ማን ጠየቀን ብለው። ካላባሳስም ፍርስራሹ ወደ ቆሻሻ መጣያው እንዳይመጣ ሰው መንገድ ላይ ወጥቷል። የሆነ ቦታ መድረሱ አይቀርም፣ እናውቃለን። ግን ሰውን ሳያማክሩ ደጁ ላይ አምጥቶ መከመር ልክ አይመስለንም። እኛም ከእናንተ ቤት የምናወጣውን ጨርቅና ፊልተር በየመንገዱ ቢን ውስጥ አንጥልም፤ አሽገን ወደሚቀበሉ ቦታዎች እንወስዳለን። ሒሳባችሁ ላይ ለብቻው የሚታየው ክፍያ የዚህ ነው።

ኢንሹራንስ ያላችሁ የምርመራውን ወጪ እንዲሸፍኑላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ እንቢ ይላሉ፤ እንቢታውንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ተከራዮች ደግሞ ከማንም በፊት ለባለቤቱ አሳውቁ።

የምርመራው ወረቀት ሲደርሳችሁ ፎቶ አንሥታችሁ በተለመደው ስልካችን በዋትሳፕ ላኩልን። አይተን ቀጠሮና ዋጋ እንነግራችኋለን። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ አብራችሁ ጻፉልን፣ ቅድሚያ እንሰጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች