እማዬ፣ የወንድምጋሼን ቀብር ንገሪኝ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እህቴ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፣ አንቺ ቡናሽን እያፈላሽ አዳምጫት። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንቺም "ካርድህ እንዳያልቅ" እያልሽ ትዘጊብኛለሽ።

ነገሩ ባለፈው ፋሲካ ያልሽው ነው። አማችሽ "ኮሮና እኮ የፖለቲካ ወሬ ነበር" ሲል እንዝርትሽን አስቀመጥሽና "ወሬ ከሆነማ ወንድምጋሼ ለምን አልቃሽ አጣ?" አልሽ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ግንቦት 2012 ነበር። ወንድምጋሼ ሦስት ቀን አስሎት በአራተኛው ሌሊት አረፈ። ኮሮና ይሁን ሌላ፣ የመረመረው የለም። አንቺ ደውለሽ "ድረስ" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "እማዬ፣ መሰብሰብ ክልክል ነው፣ እናንተም አትሰብሰቡ፣ እኔም በሽታ ይዤባችሁ አልመጣም" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያወራነው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። በኋላ እንደሰማሁት ድንኳን አልተጣለም። ጎረቤት እዝኑን በር ላይ እያስቀመጠ ተመለሰ። አንቺ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ፣ ግድግዳውን ተደግፈሽ ብቻሽን አለቀስሽ። የሰልስቱ ዕለት እንኳ ቤቱ ባዶ ነበር አሉኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አለመምጣቴ ልክ ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ያኔ በሽታው በብዛት የሚገኘው እዚህ አዲስ አበባ ነበር። እኔ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ደብረ ብርሃንን አልፌ፣ ከጣርማ በር ወደ መዘዞ ታጥፌ ሞላሌ ብገባና ያንን ሁሉ አዛውንት እያቀፍኩ ባለቅስ ምን ይዤባችሁ እንደምመጣ አላውቅም ነበር። ያጠፋሁት ሌላ ነው። አዘዝኩሽ እንጂ አላስረዳሁሽም። ስልኩን ዘግቼም "እንዴት ዋልሽ፣ ማን ቀበረው" ብዬ መልሼ አልደወልኩም። ሳምንት ቆይቼ ስደውል ስለ ዝናብ አወራን።

መንግሥትም ያጠፋው ይህንኑ ይመስለኛል። አዘዘ፣ ከለከለ፣ ከዚያ መልሶ አልጠየቀም።

አማችሽ እንደዚያ የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። የመጀመሪያው በሽተኛ አዲስ አበባ ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4፣ 2012 ነው፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። ወዲያው ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ነሐሴ 23 ሊደረግ የነበረው ምርጫም ተራዘመና ሰኔ 14፣ 2013 ሆነ። ያኔ ተቃዋሚው "ሥልጣን ለማራዘም ነው" አለ፣ መንግሥት "ሕዝብ አሰልፈን በሽታ አናስፋፋም" አለ። ሁለቱም ወገን የሚያስኬድ ነገር ነበረው። ግን ምርጫው ያጣላቸው ሰዎች ጥርጣሬያቸውን ወደ በሽታው አዞሩት፣ በሽታው ራሱ ውሸት ነው እስከማለት ደረሱ። ይሄ ነው ያስቆጨኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና በ2021 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በበሽታውና እሱ ባስከተለው ጣጣ የሞተውን ሰው ወደ 14.9 ሚሊዮን ገምቶታል። እኛ አገር በመንግሥት ቁጥር የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ነው። ወንድምጋሼ የትኛውም ቁጥር ውስጥ የለም። ያልተመረመረ ሰው አይቆጠርማ።

የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ በየቀኑ ቁጥር ሲናገሩ የምትሰሚው ትዝ ይልሻል? "ባለፉት 24 ሰዓታት" ሲባል እንዝርቱን ታቆሚ ነበር። ሬዲዮኑ ዝም ሲል ደግሞ ትቀጥያለሽ። እኔ ያን ጊዜ ቁጥሩን የምትፈሪ መስሎኝ ነበር። እህቴ ናት በኋላ የነገረችኝ፣ ለካ አዲስ አበባ ስንት ተያዘ የሚለውን ነበር የምትጠብቂው፣ ለእኔ ብለሽ።

አንድ ነገር ግን ለመንግሥት ልመስክር። ሙሉ በሙሉ አልዘጋንም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያኔ ብዙው ሰው ቤት የለውም፣ ያለውም የዕለት ጉርሱን ወጥቶ ካላገኘ አይበላም፣ እንደ ሀብታሞቹ አገር መዝጋት አንችልም ብለው ነበር። ልክ ነበሩ። ህንድ በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ አገሩን ዘግታ ስንቱ የቀን ሠራተኛ ልጁን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ገጠሩ ሲጓዝ አይተናል። እኛ ዘንድ ታክሲ በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ሄደ፣ ኑሮው ከበደ፣ ግን እንጀራ አልተዘጋም። እጅ መታጠቡስ ቢሆን? አንቺ በር ላይ ያሰቀልሻት ቢጫ ጀሪካን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። ከታች በምስማር በስታችሁ በእንጨት የደፈናችኋት። ውኃው ከምንጭ በጀርባ የመጣ ነው። አንድ ሰው እጁን በታጠበ ቁጥር እህቴ ስንት ጊዜ እንደምትመላለስ ሬዲዮ ላይ "ደጋግመው ይታጠቡ" የሚለው ሰው ቢያይ ጥሩ ነበር።

ቤተክርስቲያኑም ላይ ያለሽን ቅሬታ ሰምቻለሁ። ሚያዝያ 11 የዋለው ያ ፋሲካ፣ ምእመኑ ቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ የተነገረበት ነው። አንቺ ስልሳ ዓመት ሙሉ ያልቀረሽበትን ሌሊት ጎጆ ውስጥ ቁጭ ብለሽ አነጋሽው። "የእግዚአብሔርን ቤት ለማን ብለው ይከለክሉናል" አልሽ። ይህን ያደረገው መንግሥት ብቻ አይደለም እማዬ፣ አባቶችም ተስማምተውበት ነው፣ ለእናንተው ለአዛውንቶቹ ታስቦ። ግን መጥቶ ቁጭ ብሎ ያስረዳሽ አለ? የለም። ከጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በስተቀር። እሷ ብቻ ናት ጭቃውን እየረገጠች ከቤት ቤት የዞረችው። በ2013 ክትባቱ ሲመጣም "ደም ያረጋል" የሚለውን ወሬ ስትሰሚ ያሳመነችሽ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከሁሉም የከፋኝ የትምህርት ቤቱ ነው። ከሰባት ወር በላይ ተዘጋ። እዚህ በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጣል ሲባል፣ እናንተ ዘንድ መብራትም የለ። ከወንዙ ማዶ ያለችው ልጅ፣ ያቺ ሰባተኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው፣ ክረምቱን በግ ስትጠብቅ ከረመች። ጥር ላይ ተዳረች። አሁን ሁለት ልጅ አላት። እርግጥ ኡጋንዳ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ሙሉ በሙሉ የከፈተችው፣ ከዚያ አንጻር የእኛ አጭር ነው። ይህን ለዚያች ልጅ ማን ይነግራታል? መዝጋቱ መጀመሪያ ላይ የግድ ነበር፣ ማንም ምንም አያውቅምና። እስከ ጥቅምት ድረስ ሞላሌን እንደ አዲስ አበባ መቁጠር ግን ልክ አልነበረም። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ።

ለምን አሁን አነሳኸው ትይኝ ይሆናል። ሌሎቹ አገሮች እየተጠያየቁ ስለሆነ ነው። ስዊድን እንደ ጎረቤቶቿ ሳትዘጋ ብዙ አረጋውያን በመጦሪያ ቤት ሞቱባት። ከዚያ ኮሚሽን አቋቁማ አስመረመረች። ኮሚሽኑም ሰውን በግድ ቤት አለመዝጋቱ ልክ ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ግን ጠንከር ያለና ፈጠን ያለ እርምጃ ያስፈልግ ነበር አለ። እንግሊዝ ደግሞ አንዲት ጡረታ የወጡ ዳኛ አስቀምጣ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀር በመሐላ አስጠየቀች። ዘመዳቸውን በስልክ የተሰናበቱ፣ ቀብር ላይ ያልቆሙ ሰዎች ተራ በተራ ተናገሩ። የተራ ሰው ታሪክም ከየከተማው እየተሰበሰበ ተጻፈ። እማዬ፣ እንዳንቺ ያሉ እናቶች ናቸው እኮ የተጠየቁት። ታንዛኒያ በተቃራኒው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥር መናገር አቆመች። ዛሬ እዚያ ስንት ሰው እንደሞተ የሚከራከረው ሁሉ በግምት ነው የሚከራከረው።

እኛ ለምን አልተጠያየቅንም? አውቀዋለሁ፣ ጦርነቱ መጣ። በኅዳር 2014 አንቺ ራስሽ ያቺን አንዲት ፌስታል ይዘሽ ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሸሺ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆናችሁ እንዳደራችሁ አይቻለሁ። ማስክ ማን ያስታውሳል ያኔ? አንዱ ሐዘን በሌላው ላይ ተደራረበ፣ የታችኛውን የሚያነሳው ጠፋ።

አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ስታወራ ትዝ ይለኛል። በ1911 ኅዳር ነው፣ ራስ ተፈሪም ታመው የተረፉበት። እሷ ያኔ አልተወለደችም፣ ከእናቷ ሰምታ ነው። ቀባሪ ጠፍቶ እንደነበር ነግራናለች። መቶ ዓመት አልፎም ኅዳር 12 ሲመጣ ቆሻሻውን ሰብስበሽ ታጥኛለሽ፣ እኛም ጭሱ ውስጥ እንሯሯጥ ነበር። የኮሮናስ? ከአሁኑ ልጆቼ "እውነት ነበር እንዴ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ትልቁ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ እኔ ልጠይቅሽ ነው። መንግሥትም ይጠይቅ፣ ዛሬም ቢሆን አልረፈደም፣ በየወረዳው ሰው ልኮ እዚህ ምን ሆነ ብሎ ይመዝግብ። እስከዚያ ግን እኔ ለግንቦቱ ሙት ዓመት መጥቼ አራት ቀን እቀመጣለሁ፣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ደብተር ይዤ እመጣለሁ። ወንድምጋሼን ማን አጠበው፣ ማን ተሸከመው፣ ቄሱ ስንት ክንድ ርቀው ፈቱት፣ አንቺ የት ነበር የቆምሽው፣ ምን ብለሽ አለቀስሽ። ሙሾውንም ካላስቸገርኩሽ እንዳለ ንገሪኝ። አማችሽም ይቀመጥና ይስማ፣ ያመነበትንም ይናገር፣ አላቋርጠውም።

ሁለት ኪሎ ቡናና የጉልበትሽን ቅባት ለሚኒባሱ ረዳት ሰጥቼዋለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይደርሳል። እህቴ መናኸሪያ ወጥታ ትቀበለው። ቅባቱን ማታ ማታ ነው የምትቀቢው፣ ከዚያ በባናው ሸፍኚው።

ልጅሽ