ቀለም የነካካው ሱሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሁድ ዕለት ደውለሽ «ሥዕል ልማር መጥቼ ቀለም ሻጭ ሆንኩ» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። እናትሽ የሷን መልስ ያኔውኑ በስልክ ሰጥታሻለች፤ የኔን እንዲህ በጽሑፍ ያዢው።

ዜግነት ስንወስድ የማልንበት አዳራሽ ትዝ ይልሻል? ቦስተን ያለው ፋኒዩል ሆል። ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። መጀመሪያ የነደፈው ሰው እንደኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሠዓሊ ነው፤ ጆን ስሚበርት ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1688 ኤድንብራ ተወለደ፤ አባቱ ጨርቅ ነካሪ ነበሩ። እሱስ በልጅነቱ ምን ሙያ የተማረ ይመስልሻል? ቤት መቀባት! የኔኑ ሥራ። ለንደን ሲገባ ሠረገላ ቀባ፣ ለነጋዴዎች የሌሎች ሠዓሊዎችን ሥዕል እየገለበጠ ሸጠ። ቆይቶ ጣሊያን ወርዶ የታላላቆቹን ሥራ ቀዳ።

አሜሪካ ያመጣው የሰው ተስፋ ነው። ፈላስፋው ጆርጅ በርክሊ ቤርሙዳ ላይ ኮሌጅ ልከፍት ነው፣ አንተ ሥዕል ታስተምርልኛለህ አለውና አብረው ተሳፈሩ። በ1729 አሜሪካ ውስጥ ኒውፖርት የሚባል የወደብ ከተማ ደረሱ። የእንግሊዝ ፓርላማ ለኮሌጁ የፈቀደው 20,000 ፓውንድ ግን የውኃ ሽታ ሆነ። ስሚበርት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ቦስተን ሄዶ የነጋዴውንና የቄሱን መልክ ይሥል ጀመር፣ እዚያው አገባ። የሣላቸውን እየመዘገበ የያዘው ደብተር እስከ ዛሬ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ200 በላይ ናቸው።

በ1734 ደግሞ የቀለም ሱቅ ከፈተ። አዎ፣ ቀለምና ብሩሽ ሸጠ! ከጣሊያን ያመጣቸው ቅጂዎች እሱ በ1751 ከሞተ በኋላም እዚያው ቆዩ፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ትራምቡል የሥዕል ክፍሉን ተከራይቶ ከነሱ ተምሯል።

እዚህ ላይ ላቁም ብዬ ነበር፤ አንድ ነገር ግን አላስችል አለኝ። በ1737 ስሚበርት ቦስተን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ከፊ የሚባል የ22 ዓመት ባሪያው ጠፍቶበት ነው። ከፊ «ኮፊ» ከሚለው ከአካኖች፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሕዝቦች፣ ስም የመጣ ነው፤ ዓርብ የተወለደ ማለት ነው። መለያው ምን ተብሎ ተጻፈ መሰለሽ? የለበሰው የቆዳ ሱሪ ልዩ ልዩ ቀለም የነካው ነው።

ይህን ሳነብ ያን ቀን ከሥራ እንደመጣሁ ነበርኩ፤ ጎንበስ ብዬ የራሴን ጉልበት አየሁት። ከፊ ቀለም ይፍጭ፣ ሱቅ ይጥረግ፣ ማስታወቂያው አይልም። ስሚበርት የሣላቸው ሀብታሞች በየሙዚየሙ ተሰቅለዋል፤ የከፊን ፊት ግን የሣለው የለም፣ ያለን ሱሪው ነው። አዳራሹን ያሠራው ፒተር ፋኒዩልም ከባሪያ ንግድ ያተረፈ ሰው ነበር። እኔ ደግሞ እጄን አንሥቼ የማልኩት እዚያ ነው፤ በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁንም አልዋሽሽም፣ ደስ ይለኛል።

ለማንኛውም ሱቁን አትልቀቂ። ለሠራተኛ ቅናሽ ካላቸው ነጭ የዘይት ቀለም ያዢ፣ ቶሎ የሚያልቅብሽ እሱ ነው። ለገና ስትመጪ መልኬን እሥላለሁ ብለሽ የለ? እናትሽ ሱፍ ልታስለብሰኝ ካሁኑ እየተኮሰች ነው። የሥራ ሱሪዬን ልትጥልብኝ ስትል ጋራዥ ውስጥ ደብቄዋለሁ፤ የምቀመጥልሽ እሱን ለብሼ ነው።

አባትሽ