በሕግ የተጠበቀው ሰፈር አሁንም ይታረሳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእንግሊዝ ገጠር በቦይና በአፈር ግድብ ስለታጠሩት የቅድመ ታሪክ ሰፈሮች ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ ሰፈሮቹ በሕግ ስለተመዘገቡ ከእንግዲህ አይነኩም ማለቱ መታረም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ያለ ፈቃድ መቆፈርንና በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማሰስን ይከለክላል። ሲታረስ የኖረ ማሳ ግን የቀድሞው ጥልቀት እስካልታለፈ ድረስ መታረሱን ሊቀጥል ይችላል። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ክፍተት ነው።

ማረሻው ከ20 ሴንቲሜትር አይለፍ እንበል። የታረሰ ተዳፋት በዝናብ ይታጠባል፤ በዓመት 2 ሚሊሜትር ብቻ ቢሄድ በ50 ዓመት 10 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ ሳይለወጥ ማረሻው ከዚያ በፊት ያልነካውን ንብርብር ይገለብጣል። መጀመሪያ የጥንቶቹ ጎጆዎች ወለልና ምድጃ ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ ምሰሶ የተተከለባቸው ጉድጓዶች። ከምሰሶው እንጨት የቀረው ጠቆር ያለ አፈር ብቻ ነው፤ የክቡ ጎጆ ስፋትና የበሩ አቅጣጫ የሚታወቀው ግን በእሱ ነው። አንዴ ከተደባለቀ መልሶ የሚለየው የለም።

በደለል የተሞላው ቦይ ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከግድቡ የበለጠ መረጃ የያዘው እሱ ነው። አጥንቱም የሸክላ ስባሪውም በቅደም ተከተል የተኛው እዚያ ነውና ለውሃ ማፋሰሻ ብሎ መጥረግ ትልቅ ጥፋት ነው። ዶርሴት ውስጥ በሚገኘው ሜይደን ካስል እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1937 በተደረገው ቁፋሮ፣ በብረት ዘመኑ ምሽግ ውስጥ በሺዎች ዓመታት የሚቀድመው የአዲስ ድንጋይ ዘመን ቦይ የተለየው በንብርብሩ ነው።

የሚበጀው ማረሱን ትቶ መሬቱን ሣር ማልበስ ነው። በግ ይመረጣል፤ ከብት መሬቱ በራሰ ጊዜ ግድቡን በኮቴው ይንደዋል። የመኖና የውሃ ገንዳ ከግድቡ ይራቅ፤ እንስሳት በተሰበሰቡበት ሣር አይተርፍም። ቁጥቋጦ ከመሬት እኩል ይቆረጥ እንጂ አይነቀል፤ ሥሩ ሲወጣ ንብርብሩን ይዞ ይወጣል። የተሸረሸረ ቦታ ሲጠገን መጀመሪያ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይነጠፍ፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ይሙላበት፤ ጨርቁ ወደፊት ለሚቆፍረው ጥገናው የት እንደሚያበቃ ያሳየዋል። ከራሱ ከግድቡ ዝቆ መሙላት ግን ሁለተኛ ጉዳት ነው።

እርሻውን የሚተው ገበሬ ገቢ ያጣል። ለዚህ የሚከፍል የመንግሥት መርሐ ግብር በእንግሊዝ አለ፤ ነገር ግን በፈቃደኝነት ነው። ባልተስማማው ገበሬ ማሳ ላይ ማረሻው በየዓመቱ ይመለሳል።